ዳገት ላይ የሚያስል ሞተር

ይታየው መንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ የወፍጮ ቤት መካኒክ ነው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ሟች አባቱ በንጉሡ ጊዜ ለወባ መከላከል ሥራ ቆላውን የዞሩበትን ሞተር ሳይክል ከበረቱ ጥግ ጎትቶ አወጣ። ዝገቱን በአሸዋ ፈገፈገ፤ የጎደለውን ከወፍጮ ቤት ቁርጥራጭ ብረት ቀጥቅጦ ሞላ፤ አይጥ የበላውን ወንበር የጓሳ ሣር ጠቅጥቆ በወፍራም የሱፍ ባና ሰፋው።

አየርና ቤንዚን የሚመጥነውን የካርቡራተር ብሎን ሲያጠብቅና ሲያላላ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሞተሩ እንደ ሰጋር በቅሎ ልስልስ ብሎ ሄደለት። ደስ ብሎት ዳገቱን ወጥቶ ደጃፍ ሲደርስ ግን እናቱ እመት ጥሩሸዋ ገብሳቸውን ከማንፈስ ቀና እንኳ አላሉም።

"እማዬ፣ አልሰማሽም እንዴ?" አለ ቆጣ ብሎ።

"ሰማሁ። የማን ነው?"

"የአባዬ ነዋ!"

"የአባትህማ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ያስል ነበር። እኔም ተነሥቼ በር የምከፍተው ያን ስሰማ ነበር።"

ይታየው በገነ። ያ ሳል እኮ በሽታ ነው! አባቱ ሞተሩን ለሚውሉበት ለቆላው አየር ስለሚያስተካክሉት፣ የመንዝ ስስ አየር ላይ ሲደርስ ይታፈን ነበር፤ እሱ ያን በሽታ ለማዳን ነው ስንት የለፋው። የተቃናን ሞተር መልሶ ማጣመም ደግሞ ለመካኒክ ነውር ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ። በመጨረሻ እየተነጫነጨ፣ ብሎኑን አባቱ በሚስማር ጭረው ወደተዉት ምልክት መለሰውና ወደ ዳገቱ ነዳ። ሞተሩ ተንገዳገደ፤ አንዴ አሳለ፤ ደገመ።

ደጃፉ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ የእግር ውሃ በገበቴ ይዘው ቆመዋል።