የማሻ ክፍሏ ሲስተር

ተመርቄ አዊ ዞን ስመደብ የተሰጠኝ ክፍል ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ መጋዘን ነበር። ግማሹን የተሰባበሩ አልጋዎች ይዘውታል፤ የቀረውን እኔ ያዝኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም። በሩ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጠፍኩ። ያነበበው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ በሽተኞቹን ስትልክ «በልብስ ማጠቢያው በኩል ዙሩና ማሻ ክፍል በሉ» ትላቸው ነበር፤ ሥራዬ ሰው ማሸት ብቻ ይመስላታል። ስሜም በዚያው ወጣልኝ፤ የማሻ ክፍሏ ሲስተር። ነርስ አይደለሁም። ግን እኛ ጋ ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። መጀመሪያ አካባቢ አርም ነበር። ኋላ ሰለቸኝ።

የሥራ ባልደረቦቼም ከካርድ ክፍሏ ልጅ አይሻሉም። ወገቤን ያለ መርፌ ይወጋል፤ ጉልበቴን ያለ ይወጋል፤ አንገቴን ያለም ይወጋል። መርፌው አልሠራ ሲልና በሽተኛው አልሄድም ብሎ ሲያስቸግር ነው ወደ እኔ የሚላከው። ስብሰባ ላይ አንዱ፣ የክፍል ኃላፊ ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ለመሆኑ አንቺ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። የክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ደግሞ መዝገብ ያዢ ተብዬ ገጠር የምላከው እኔ ነኝ። ሥራ ፈት ነኛ!

ሌላውን ስወቅስ ራሴን ግን ማለፍ የለብኝም። እኔም በሙያዬ አፍር ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የማኅበረ ምዕመናኑ እህቶች ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ሆስፒታል ነኝ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። አንድ እናት ዶክተር ብለው ሲጠሩኝ ዝም ብያለሁ። አንድ ማሽን ብቻ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ጥዝ የሚል ማሽን ቢኖረኝ ሰው ያከብረኛል ብዬ አስብ ነበር። ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

እንዲህ እያለሁ ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ቀበሌ፣ በፈረስ። ፈረሱን ሴት ልጃቸው ትስበዋለች። ቀርቀሃ እየሰነጠቁ ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩ ሰው ናቸው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ቀርቀሃ ተሸክመው ሲወርዱ አዳልጧቸው የቀኝ ክንዳቸው ከትከሻው በታች ተሰብሯል። ወጌሻው ገጥሞላቸዋል። ራጁን አየሁት፤ እውነት ለመናገር አጥንቱን አሳምሮ ነው የገጠመው። ችግሩ «እንዳታነቃንቀው» ብሎ ከሄደ በኋላ «አሁን አነቃንቀው» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። ጎረቤቱ አታነቃንቀው አለ፣ ጤና ጣቢያው አታነቃንቀው አለ፣ መንገደኛውም አታነቃንቀው አለ። እሳቸውም እጃቸውን በነጠላ ደረታቸው ላይ አስረው አምስት ወር ተቀመጡ።

«አባባ፣ እስኪ እጅዎን ወደ ላይ ያንሡልኝ» አልኳቸው።

ግራቸውን አነሡ።

«ቀኙን ነው።»

«ቀኙ የሚነሣ ቢሆን እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?»

ነጠላውን ፈታሁት። ጡንቻቸው መንምኖ የትከሻቸው አጥንት አግጥጧል። ክንዳቸው ከጎናቸው ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ ይቆማል፤ ክርናቸውም አይዘረጋም። አጥንቱ እንደዳነ፣ አሁን የታሠረው መጋጠሚያው እንደሆነ ነገርኳቸው። እንዲገባቸው ብዬ በሙያቸው መጣሁባቸው።

«እርጥብ ቀርቀሃ ይታጠፋል አይደል አባባ? ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ይደርቃል። የእርስዎም ትከሻ እንደዚያ ነው የሆነው።»

«የደረቀ ቀርቀሃ በግድ ሲያጥፉት ምን ይሆናል?»

«ይሰበራል» አልኩ።

«ታዲያ ልትሰብሪኝ ነው?»

ልጃቸው ከበሩ ላይ ሆና «በእሳት ካሞቁት ግን ይታጠፋል እኮ» አለች። አባትየው ዘወር ብለው ገላመጧት። እኔ ግን ልስማት ምንም አልቀረኝም። በፍል ውኃ የተነከረ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ላደርግ ነበርና «እኔም በሙቀት ነው የምጀምረው» አልኩ።

«መርፌውስ?»

«መርፌ የለም።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽንም የለም።»

በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። አዊኛ አላውቅም፤ የመጣሁት ከሌላ አገር ነው። «በሬም የለ፣ ሞፈርም የለ፣ ጅራፍ ይዛ ቆማለች ነው ያሉት» አለችኝ።

ያስጀመርኳቸው ቀላል ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ በግራ እጃቸው ተደግፈው ጎንበስ ይላሉ፤ የቀኙን ክንድ እንደ ባዶ ከረጢት ለቀው ያወዛውዙታል። ግድግዳ ፊት ቆመው በጣታቸው እየቧጠጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጣታቸው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። በጀርባቸው አስተኝቻቸው በትር በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ ደህናው እጅ የታመመውን ይገፋል። ይህንኑ ቤታቸውም በቀን ሦስቴ እንዲሠሩ ነገርኳቸው።

«ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድ ልጃቸው መጣ። እንጅባራ ድንች የሚነግድ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ እያናገረኝ ስልኩን የሚያይ ሰው ነው። ክፍሉን፣ አልጋዎቹን፣ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ እኔን አየና «አባቴን ግድግዳ ታስቧጥጫለሽ አሉ» አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። ስለ ጡንቻ መመንመን፣ ስለ መጋጠሚያ መተሣሠር በመጽሐፉ አማርኛ ደረደርኩለት። አልሰማኝም። ዳንግላ አንድ ሰው አለ፣ ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ማሽን አለው፣ ሽባ ያስነሣል አለኝ። አባቱንም በሚኒባስ ጭኖ ወሰደ። ሽማግሌው ሲወጡ አንዴ እንኳ ዞረው አላዩኝም። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ያንን ማሽን በኋላ በስልክ ፎቶ አይቼዋለሁ። በገበያ የሚሸጥ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ የሚሞቅና የሚንቀጠቀጥ ሳጥን ነው። ባለቤቱ የምን ሙያ እንዳለው ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔ ግን በየቀኑ ዲግሪዬን እጠየቃለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ አባቷን ይዛ ተመለሰች። ለወንድሟ አልነገረችውም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሲያወርዱ ትከሻቸው ላይ ሁለት ቦታ በሙቀት የተላጠ ቁስል አየሁ። ክንዳቸው ግን እዚያው የነበረበት ነው፤ እንዲያውም አንድ ጣት ያህል ወርዷል።

«እንዴት ነው አባባ፣ ማሽኑ እጅዎን አነሣው?» አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። ልጅቷም አየችኝ። ያኔ ነው በራሴ ያፈርኩት። ሰውዬው ቁስላቸውን ይዘው ተመልሰው መጥተው እኔ ድል አደረግሁ ብዬ እፎክራለሁ።

ቁስሉ እስኪደርቅ ትከሻውን ሳልነካ ክርናቸውንና ጣቶቻቸውን ብቻ ስናሠራ ቆየን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል፣ ጉሙ ክፍሌ ድረስ ይገባል። ፈረሱ አጥሩ ሥር ታስሮ እየበሰበሰ ይጠብቃል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተሰድቤ በንዴት ገባሁ። የዚያን ቀን ክንዳቸውን ከሚገባው በላይ ገፋሁት። ስቃዩ ከመጠን ሲያልፍ ጮኹ፤ እንባቸው ፂማቸው ውስጥ ወረደ። የሚያምና የሚጎዳ የተለያየ እንደሆነ፣ ሕመሙ ወዲያው ካልበረደ እንዳለፍነው ማወቅ እንዳለብን እኔ ራሴ ነግሬያቸው ነበር። ያን ቀን የገፋሁት ለክንዳቸው ብዬ አልነበረም፤ ያንን የክፍል ኃላፊ አፍ ለመዝጋት ነበር።

«ይቅርታ አባባ፤ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

«አንቺም እንደ ወጌሻው ነሽ» አሉ እንባቸውን በግራ መዳፋቸው እየጠረጉ። «እሱ ግን ከማሳመሙ በፊት አረቄ ይሰጣል።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራሉ ብዬ ነበር። መጡ። ይዘውም የመጡት ነገር ነበር። በትር ተብሎ ከሆስፒታል የተሰጣቸው የመጥረጊያ እንጨት አስቀይሟቸው፣ ራሳቸው ባንድ እጃቸው የላጉትን ቀርቀሃ ይዘው መጡ። ልጅቷ እንደነገረችኝ ቤታቸው ወጋግራ ላይ ገመድ አሳልፈው፣ ጫፍና ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግራው ሲወርድ ቀኙ እንዲወጣ አድርገው ጠዋት ጠዋት ይጎትታሉ። ያንን እኔ አላሳየኋቸውም፤ ገና ላሳያቸው ነበር። ጎረቤት ሲስቅባቸው በሩን ዘግተው ይሠራሉ አለችኝ።

መስከረም ላይ ቀኝ እጃቸው እህል ይዞ አፋቸው ደረሰ። ከጥር ጀምሮ በግራቸው ሲበሉ ሰው ፊት መቅረብ አፍረው ለብቻቸው ነበር የሚቀርብላቸው። ይህን የሰማሁት ያኔ ነው፤ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ሕክምናውን የምጀምረው ከክርናቸው ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ኮርቻውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ልጅቷ ሳትደግፋቸው ፈረሱ ላይ ወጡ። ገጀራ ይዘው ቀርቀሃ ለመሰንጠቅ ግን ሌላ ሁለት ወር ፈጀ። ክንዳቸው ከጆሯቸው በላይ ትንሽ አለፈ እንጂ እስከ መጨረሻው አልተነሣም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ወገባቸውን ማከክም አልቻለም። ተአምር አልነበረም። በየቀኑ የተገኘው የጥፍር ቁራጭ ያህል ነው።

ከዚያ ቀጠሮአቸው አበቃ። ብዙም ሳይቆይ እንጅባራ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ ድምፃቸውን ሰማሁ። ወንበሮቻቸውን ደርድረው ቀኝ እጃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለከበባቸው ሰው ያወራሉ። ባለ ጃኬቱ ልጃቸው አጠገባቸው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«ልጄ ዳንግላ ወስዶ በማሽን አሳከመኝ» ይላሉ። «እንዲህ አደረገኝ።»

አንዲት ትከሻዋን የያዘች ሴት ማሽኑ ያለበት ቤት ዳንግላ የት አካባቢ እንደሆነ ልጁን ትጠይቃለች። ደሜ ፈላ። ከሰው መካከል ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ማሽኑ ነው ያዳነዎት?»

ልጁ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ምንም አልደነገጡም። ክንዴን ይዘው ፈቀቅ አደረጉኝ። በቀኝ እጃቸው ነው የያዙኝ፤ አጥብቀው።

«ልጄን ሰው ፊት ላዋርደው እንዴ? ብሩን አውጥቷል፤ ደክሟል» አሉኝ።

«እኔስ?»

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉ፤ የምር ነው የጠየቁኝ። «ግድግዳውን የቧጠጥኩ እኔ። ገመዱን የጎተትኩ እኔ። ያለቀስኩ እኔ። አንቺ ቆመሽ ትቆጥሪ ነበር።»

ዩኒቨርሲቲ ዓመቱን ሙሉ የደጋገሙልን ይህንኑ ነበር፤ የሚያድነው በሽተኛው ራሱ ነው፣ እናንተ መንገዱን ታሳያላችሁ ይሉን ነበር። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነገር ነው። አንድ ቀርቀሃ ሰንጣቂ ገበያ መሐል ሲነግረኝ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት ትክክል ስለሆኑ ነው። ያም ሆኖ ለዚያ ሳጥን የሰጡትን ምስጋና እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ሴትዮዋን «ሰኞ ሆስፒታል ነይ፤ እኔ አይሻለሁ» አልኳት። ሽማግሌውም ከኋላዬ «ሂጂ፤ ግን መርፌ የላትም፣ ማሽን የላትም፣ ምኗም የለም» ብለው አሟሟቁልኝ።

ሰኞ አልመጣችም። ዳንግላ ሄዳ ነበር። የመጣችው ከወር በኋላ ነው፤ ፀጉሯን መሥራት አቅቷት ሻሽ አስራ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ቤትሽ ሠርተሻል ወይ ስላት «አዎ ሲስተር፣ ሦስቴ» ትላለች። ትከሻዋ ግን አይዋሽም፤ ክንዷን ገና ሳነሣው አንዴም እንዳልሠራች ይነግረኛል። እሷ ትምላለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ፍል ውኃውን እቀዳና እንጀምራለን።