ኖራው በወቅቱ ይደርሳል

ከጉና ግርጌ ባለች አንዲት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ታቦር ተቀምጫለሁ፤ ክረምት ሲገባ ግን እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ጉሙ ውስጥ ስሄድ ከወዲያ ማዶ የሚሰማው የጅራፍ ድምፅ፣ ገብሱ ሲያሸት ገበሬዎቹ ጠብሰው እጄ ላይ የሚያራግፉልኝ እሸት ይናፍቀኛል። ሰዎቹም ይናፍቁኛል። ሁሉም ግን አይደሉም። ሱፐርቫይዘራችን ዛሬም ከቅዳሴ ሲወጣ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ።

ያኔ የአገሩ አፈር ኮምጥጦ፣ ገብሱ ቢጫ እየሆነ ይቀጭጭ ነበር። የዚህን መድኃኒት፣ ኖራን፣ የሚያቀርብ ፕሮግራም መጣልን። ኖራ ከዘር በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፤ ይህን በየማሳው እየዞርኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኖራው ግን ገብሱ ከበቀለ በኋላ ደረሰ። በዓመቱም እንደዚያው። መጋዘን ውስጥ እርጥበት ጠጥቶ ድንጋይ ሆነ፤ በተረፈው ሰው ቤቱን ቀባ።

ከሁሉ ቀድመው ያመኑኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማሳቸው ዳር ቆመን፣ “ልጄ፣ ለከርሞም ግንቦት ሳይወጣ ካልመጣ፣ ይኸን እርሻ ባሕር ዛፍ ነው የምተክልበት” አሉኝ።

“አባቴ፣ ባሕር ዛፍ የገባበት መሬት እኮ ለገብስ አይመለስም።”

“እኔስ ወዴት ልመለስ ነው?” ብለው ሳቁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የግብርና ባለሙያዎች ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያዩት ሊለካ ወደ ወረዳችን መጣ። መጠይቁ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ እኛ መስማማት አለመስማማታችንን ምልክት እናደርጋለን። ለአለቃ ተናግሬ ያልተሰማልኝን ለዚህ ሰው ብናገር፣ ኖራው ቀድሞ ይመጣና የሽማግሌው ማሳ ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ሱፐርቫይዘራችን ግን መምህሩን እንደ ሠርግ እንግዳ ተቀበለው። በግ ታረደ፣ ጠላ ተቀዳ። ከምሳ በኋላ መጠይቁ ሲታደል፣ “ጊዜ እንዳንፈጅ እኔ ላንብብላችሁ” አለ። መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ በልቶ ጠጥቶ ጋባዡን እንዴት እምቢ ይበል?

“ኖራው በወቅቱ ይደርሳል” ብሎ አነበበና፣ “እንግዲህ ይኸ ያው እስማማለሁ ነው” አለ። ሁሉም አቀርቅሮ ምልክት አደረገ።

“ለየትኛው ወቅት?” አልኩ። “ለቤት ቅብ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።”

ከኋላዬ አንዱን ትን አለው። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ እንዳለ፣ “እታለም፣ በእንግዳ ፊት ወጥ አይነቀፍም፤ የቤታችንን ለቤታችን” አለኝ።

“እሱ እኮ የመጣው ወጡን ሊቀምስ ነው” አልኩት።

ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔ አልስማማም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ከእነሱ ምልክቱን የቀየረ ግን አልነበረም። ያንን የደረቀ ኖራ አብረውኝ በዶማ የፈለጡ ሰዎች ናቸው። እንግዳ ማሳፈር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይኸን አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅር አላልኳቸውም።

ውጤቱ ደብረ ታቦር ላይ በአዳራሽ ሲቀርብ፣ የባለሙያዎቹ አመለካከት እጅግ መልካም ነው ተባለ። አንዳንድ የግንዛቤ ክፍተት ስለታየ ሥልጠና ይሰጥ ተባለ። ክፍተቱ እኔ ነበርኩ። ስለ ኖራ ጥቅም ልሠለጥን ሄድኩ፤ አሠልጣኙ ሱፐርቫይዘራችን ነበር። “ኖራ ከዘር በፊት ይበተናል” ሲል፣ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።

ግንቦት ወጣ፣ ኖራው አልመጣም። ሽማግሌው ዘንድ ስሄድ የባሕር ዛፉን ችግኝ ማሳው ዳር ደርድረው አገኘኋቸው።

“መጣሽ? በይ አቀብይኝ” አሉ።

እሳቸው ሲቆፍሩ እኔ ችግኝ ሳቀብል ዋልን፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ ስለ ኖራው አንድም አላነሡም። ምሳ ላይ በሶ ጨብጠው ሰጡኝ።

“ከዚህ ማሳ የመጨረሻው ነው፤ ብዪ” አሉኝ።

በላሁ። ጨርሼ ቀና ስል፣ ሳልጠይቃቸው ጨመሩልኝ።