ቤቱን ያሠራው ሰው

የኑግ ዘይት በሚጨመቅበት ሰፈር ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሳላስበው እርምጃዬ ይዘገያል። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ያለው የልጅነት ቤታችን ሽታ ነውና። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባደድ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የአባቴ እናት እማማ ዘሃራ ጨርቅ በኑግ ዘይት እየነከሩ፣ የሰገነቱን እንጨት እያሹ፣ ፀሐይ የሰነጠቀውን በጣታቸው እየዳበሱ ይውሉ ነበር። እኔ ዘይቱን በጣሳ ይዤ ስከተላቸው፣ «ይሄን አባቴ ናቸው ያስጠረቡት» ይሉኝ ነበር፣ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል በየዓመቱ።

አባታቸው ሐጂ ሳልህ ዘራቸው ከየመን የሚመዘዝ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ነግደው አትርፈው ያንን ባለ ፎቅ ቤት አሠሩ፤ ደጋን በምትባል ከተማ አካባቢም ጭሰኛ የሚያርሰው መሬት ነበራቸው። እሳቸው ከሞቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደርግ መጥቶ መሬቱ ተወረሰ፣ ኮምቦልቻ የነበረን ቤትም ትርፍ ተብሎ ተወሰደ፣ የምንኖርባት ይህችው ብቻ ቀረችን።

ከውርሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ሐምሌ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሜትር እየዘረጉ መጥተው ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። የከተማው ፕላን እየተሻሻለ ነው፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ቤታችሁ ይፈርሳል ተባልን። አያቴ ቀለሙን በሳሙናና በገል ሲፈትጉት ምልክቱ መጥፋቱ ቀርቶ ተንሰራፍቶ ግድግዳውን እንዳለ አቀላው፤ አባቴ ከሱቁ ሲመለስ አይቶ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ቆይቶ አንድ ተስፋ ተሰማ። በተሻሻለው ፕላን ታሪክ ያላቸው ቤቶች እንዳይነኩ ስለ ተወሰነ፣ ባለቤቱ በቀበሌው ስብሰባ ቆሞ ቤቱን ማን እንዳሠራው ያስረዳል፣ ሕዝቡም ይመሰክራል ተባለ። ጉዱ እዚህ ላይ ነበር። ቤቱ ታሪክ ይኑረው ይባላል፣ ታሪኩ ግን የባለመሬት መሆን የለበትም። አንድ ነጋዴ ጎረቤታችን ካቻምና በስብሰባ ላይ የአባቱን ሀብት አንሥቶ በማግስቱ ተጠርቶ ሄዶ፣ ልጆቹ እስር ቤት ስንቅ ሲያመላልሱለት ከርመው ነበር። አባቴ የሐጂ ሳልህን ስም ከጠራ እንደ ጎረቤታችን ሊታሰር ይችላል፤ ቀርቦ ካላስረዳ ደግሞ ቤቱ ይፈርሳል።

መስከረም ገብቶ የስብሰባው ቀን ሲደርስ፣ ጠዋት አያቴ አባቴን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ሰዒዴ፣ ቤቱ የአላህ ነው፤ ይቁምም ይፍረስም እሱ ያውቃል። የአባቴን ስም ግን ጥራልኝ። ወላሂ ሌላ አልጠይቅህም።»

«እማ፣ ልጆች አሉኝ እኮ» አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ እጄን ይዘውኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ ሰዒድ፣ ቤቱን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባቴ ተነሥቶ ቆቡን እያሻሸ፣ «ላብ አደሩ ነው የሠራው። ጠራቢዎቹ ከቦሩ ሜዳ የመጡ ናቸው፤ እንጨቱንም በትከሻቸው ተሸክመው ነው ያመጡት» አለ። ተጨበጨበ።

«ያሠራውስ?»

«እሱን አላውቅም» አለ አባቴ። «የቆየ ቤት ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። በቀብር የሚረዳዱት የቅሬያችን ሰዎች፣ በሐጂ ሳልህ መቃብር ላይ አፈር የመለሱት ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መሬት መሬት እያዩ አንድም ሰው ሳይተነፍስ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ራሱ በደጃችን ሲጫወት ያደገ ሰው ነበር። ወደ ጸሐፊው ዞሮ «አሠሪው ያልታወቀ ብለህ ጻፍ» አለው። አያቴ እጄን ለቀቁኝ።

ቤቱ የላብ አደሩ ሥራ ተብሎ ተረፈ፤ ጥቅምት ላይ መንገዱ ከደጃችን ጠመም ብሎ አለፈ። ቀድሞ ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን ዱዓ ሲደረግ፣ አያቴ የሰገነቱን በር ወለል አድርገው ከፍተው የሙታናቸውን ስም እየጠሩ ይለምኑላቸው ነበር። ከዚያ በጋ ጀምሮ ግን የአባታቸው ስም ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። አባቴ ተነሥቶ በሩን ይዘጋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ እሳቸው «ያ አላህ፣ ሐጂ ሳልህን ማራቸው» ሲሉ አባቴ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይል ነበር። ስለዚያ ስብሰባ ሌላ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም፣ አላህ ይዘንላቸው። ከተማው የቅርስ ዕቅዱን እንደገና ሲያሻሽል በቅርቡ አንዲት ወጣት ባለሙያ ቤቱ ድረስ መጥታ ማን እንዳሠራው ጠየቀችኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሐጂ ሳልህ ናቸው፤ የአያቴ አባት» አልኳት፣ ስትጽፈውም እንባዬ መጣ።

«እትዬ፣ ሌላ የሚመሰክር ሰው ይገኛል?» አለችኝ። የሰፈራችንን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ሁሉም አልፈዋል። ልጅቷ እያፈረች፣ «በድሮው መዝገብ የአባትዎ ቃል ስላለ ነው፤ አላውቅም ብለዋል» አለችኝ።

ያኔ ስሙን የሚያውቀው አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር፣ የሚጠራው ግን አልነበረም። ዛሬ እንደ ልቤ ልጠራው እችላለሁ፣ የሚያውቀው ግን አልቋል። ልጅቷ መልሴን ትጠብቃለች። አባቴ ዋሽቷል ብዬ ላስጽፍ አልቻልኩም፤ ያኔ ልጆች ነበሩት፣ አንዷ እኔ ነኝ።