ምሽግ ደርማሹ ፉአድ

ልጅ እያለሁ ጄኔራል ነበርኩ። የሾመኝ የለም፤ ራሴን ነው የሾምኩት። አጎቴ የጦር ልብ ወለድ ሱሰኛ ስለነበር ገጻቸው የተገነጣጠለ፣ ሻጋታና ሲጋራ የሚሸቱ መጽሐፎቹን አልጋ ሥር ገብቼ አነብ ነበር። ከሁሉም ልቤን የሚሰቅሉት ምሽግ ደርማሾቹ ነበሩ፤ ዋናው ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት የጠላትን መስመር በጥሰው የሚገቡት፣ ስንቶቹ እንደሚመለሱ የማይታወቅ ጥቂት ሰዎች። ስለላካቸው ሰው የተጻፈ ነገር አላስታውስም። ወይ አልተጻፈም፣ ወይ እኔ ዘልዬዋለሁ።

እኛ የሸዋ በር ልጆች ከከተማው ግንብ ውጪ፣ የጀጎል ልጆች ከውስጥ ሆነን ከትምህርት ቤት መልስ ጦርነት እንገጥም ነበር። መሣሪያው ጭቃ ነው፤ ድንጋይ ክልክል። ሦስት ቀን በተከታታይ በሩ ላይ ተኮልኩለው በጭቃ አጥበው መለሱን። በአራተኛው ቀን መላው መጣልኝ። ጅብ ሲመሽ ወደ ከተማ የሚገባበት፣ ከግንቡ ሥር ያለው ቀዳዳ! አንድ ምሽግ ደርማሽ በዚያ ሾልኮ ከኋላቸው ካተራመሳቸው እኛ በበሩ እንገባለን።

የመረጥኩት ፉአድን ነው። የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ እናቱ ሸዋ በር ማንጎ ይሸጣሉ፣ እሱ ደግሞ ከሁላችንም ቀጭን ነው።

«ጅብ ቢኖርስ?» አለኝ።

«በቀን? አቦ፣ ፈራሁ በላ!»

ይቺን ደግሞ አይችላትም። «ቢስሚላህ» ብሎ በሆዱ ተኛና ጭንቅላቱን አስገባ። እኔ እግሮቹን ይዤ እገፋው ጀመር።

ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ገፋሁ፣ አልሄደም። ጎተትኩ፣ አልመጣም፤ ልብሱ የሆነ ድንጋይ ላይ ተይዟል። ይሄኔ ከወዲያ በኩል «ጅብ! ጅብ መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጨለማው ቀዳዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይተው ነው። ጅብ በጭቃ አይባረር። የሚወረውሩት ድንጋይ ግንቡን ሲመታ ቋ፣ ቋ ይላል።

«እኔ ነኝ! ፉአድ ነኝ!» ይላል፤ ድምፁ ታፍኖ ለኔ እንኳ የሚሰማኝ በግድ ነው። «ሰብሊ፣ ጎትቺኝ!» እግሮቹ እጄ ውስጥ ይንፈራገጣሉ። ዞር ስል ጦሬ ሁሉ ፈርጥጧል። በበሩ ሮጬ ገብቼ «ሰው ነው!» ብዬ መጮህ እችል ነበር። እሱን አላደረግኩም። እግሮቹን ለቀቅኳቸውና ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

አልጋ ሥር ገብቼ ተኛሁ። ሞተ፣ ገደልኩት እያልኩ ሰው በሩን በነካ ቁጥር ትንፋሼን እውጥ ነበር። ማምሻውን የመግሪብ አዛን ሲል እናቴ ከገበያ ገብታ ወሬውን አመጣችው። አው ዩሱፍ፣ በሩ አጠገብ ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ ልጆቹን በትነው ጎትተው አውጥተውታል። ቅንድቡ ተተርትሯል እንጂ ደህና ነው። ማን ላከህ ቢሉት «ማንም» ብሏል። በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ሊጠይቁት ሲሄዱ እኔ ራሴን አመመኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የዛሬ ልጆች ጦርነታቸው ስልክ ላይ ነው። የላኩት ወታደር ቢሞት ጠቅ ያደርጉትና ይነሳል። ተጎልተው ሲውሉ እቆጣቸዋለሁ፤ ግን ደግሞ እቀናባቸዋለሁ። ማንም የማንንም እግር አይዝም።

ባለፈው ወር ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጅ አስቁሜ ስገባ ሹፌሩ ፉአድ ሆነ። ሸብቷል። ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ በመስታወቱ ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት የቋጠርኩትን አወጣሁት። «ፉአድ፣ ያኔ ጥዬህ ሸሸሁ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ማን እንደላከህ ሲጠይቁህ ምነው ስሜን አልጠራህም?»

ባጃጁን ዳር አስያዘና ዞር ብሎ አየኝ።

«ዋላሂ፣ አንቺ መጥተሽ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበራ።»