የካቦው ካፖርት ኪስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ቴሌቪዥን እናያለን። እህቴ፣ እኔ፣ ግድግዳ የሚጋራት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር እና ከመንገዱ ማዶ ያለችው የሽንኩርት ነጋዴ። አዳማ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሌላ የሚያዋጣ ነገር የለም። ውጭው ነፋስና አቧራ ነው፤ ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል። እህቴ በሩን ገርበብ ታደርግና መጋረጃውን ትስባለች፤ እኛም ለፍርድ እንደተጠራ ሸንጎ በየቦታችን እንሰየማለን።

የምናየው ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው። አንድ ነገር የፈለሰፉ ሰዎች አራት ባለሀብቶች ፊት ይቆማሉ። የሠሩትን ያሳያሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ባለሀብቶቹ ከወደዱት ገንዘብ አውጥተው ይሻረካሉ፤ ካልወደዱት "መልካም ዕድል" ብለው ይሸኛሉ። ከአራቱ ሁለቱን ስም አውጥተንላቸዋል። አንዱ መነጽሩ ነው፣ አንዷ ሻርፓ። የቀሩት ሁለቱ ብዙ ስለማይናገሩ ስም አላስፈለጋቸውም።

ሁላችንም የምንፈርድበት መንገድ ይለያያል። ሹፌሩ እጅ ያያል። "ይሄ ብሎን ፈትቶ አያውቅም፤ ጥፍሩን እዩት" ይላል፣ ለሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። ነጋዴዋ ጫማ ታያለች። እህቴ የሚያለቅስ ሰው ትወዳለች፤ ተወዳዳሪው ስለ እናቱ ማውራት ከጀመረ "ስጡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!" እያለች በመፋቂያዋ ወደ ስክሪኑ ትጠቁማለች።

አንዴ አንድ ጎረምሳ ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ ማሽን ይዞ መጣ።

"በመብራት ነው የሚሠራው?" አለች ነጋዴዋ።

"ሽቦው ይታያል፣ በመብራት ነው" አለ ሹፌሩ።

"ያ ረቢ! እንግዲህ ወጥ ለመሥራት መብራት ኃይል ደውዬ ላስፈቅድ!"

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው ሲራመዱበት ስልክ የሚሞላ ጫማ አሳየ። ሹፌሩ እየሳቀ "አዳማ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር በባጃጅ ነው የሚኬደው፤ የማን ስልክ ሊሞላ ነው?" አለ። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ እችላለሁ፤ እህቴ አትችልም ብላ ታወራለች እንጂ።

ሳቄ ግን የሚያቆምበት ቦታ አለ። መነጽሩ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ "እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄን እንዴት አሰብሽው?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። በዚያች ሰዓት ተወዳዳሪዋ ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ። ገንዘቡ አያስቀናኝም። በእኔ ዕድሜ ገንዘብ የመድኃኒት ቤት ነው። የሚያስቀናኝ ጥያቄው ነው። አንድ ሰው ሥራዬን በእጁ አገላብጦ እንዴት አሰብሽው እንዲለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ፕሮግራሙን ሳይ ደግሞ ምኞቱ እንደ ጥርስ ሕመም ይነሣብኛል።

እህቴ ይሄን አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው። እንዲያውም ማስታወቂያ በገባ ቁጥር አንድ ታሪክ ታወራለች፤ ጎረቤቶቻችን በቃላቸው ይዘውታል። "ባሌ በዚህ ዘመን ቢኖር ኖሮ እዚያ ወንበር ፊት ይቆም ነበር። ወንጂ ካፖርቱን የፈለሰፈው እሱ ነው፤ ለዚያ ነው ሬዲዮ የተሸለመው። ደግሞ እኮ ኪስ አደረገለት! ለኩባያው እንኳ ያሰበ ሰው ነው።"

እዚህ ላይ ታሪኩን ራሴ ልናገር።

እናታችን አቦምሳ ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እህቴ ወንጂ አግብታ ልጆች የሚይዝላት አጥታ ነበርና እኔን አስመጣችኝ። ትማራለች ተብሎ ነበር። የተማርኩት የባሏን ምሳ ሸንኮራ ማሳው ድረስ መሸከም ነው። ባሏ ካቦ ነበር፣ የሸንኮራ ቆራጮች አለቃ። በሕይወት ሳለ ጋሼ፣ አንቱ እለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ግን እሱ ነው። ይሄን ያህል ለራሴ እፈቅዳለሁ።

ማሳው ሩቅ ነው፣ ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ እስክደርስ ይፈላል። እሱ ይቀምስና መሬት ላይ ይደፋዋል። "ይሄ እኮ ሻይ ነው! ስኳሩን ከሸንኮራው ልጭመቅበት?" ይላል። ቆራጮቹ ይስቃሉ። እኔ የተደፋውን ውሃ እያየሁ ባዶ ጀሪካን ይዤ እመለሳለሁ።

ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ቢሸፈን ነፋስ ሲያገኘው ውሃው እንደሚቀዘቅዝ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱን እኔ ፈጠርኩት አልልም። ችግሩ ጆንያው ቶሎ ይደርቃል፤ ቆራጭ ደግሞ ሥራውን ትቶ ጆንያ ሲያረጥብ አይውልም። እኔ የፋኖስ ክር ወሰድኩና አንዱን ጫፍ በጀሪካኑ አፍ ውስጥ ነክሬ ሌላውን ጆንያው ላይ ሰፋሁት። ክሩ ውሃውን እየሳበ ጆንያውን ያረጥበው ጀመር። ውሃው ሲጋመስ ግን ክሩ መሳብ አቃተው፤ ጆንያው ደረቀ። ሳህን ሳጥብ፣ ሕፃኑን ሳስተኛ፣ ስለዚያ ክር ስንት ቀን እንዳሰብኩ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ገባኝ። ጆንያው ላይ፣ ከትከሻው በኩል፣ ኪስ ሰፋሁ። ኪሱ ውስጥ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውሃ ሞልቼ አስቀመጥኩ። ክሩን ከጣሳው አውጥቼ ወደ ታች አወረድኩት። ውሃው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ክሩ አይደክምም፤ ጣሳው እስኪያልቅ ቀስ እያለ ያረጥባል። አንገት፣ ትከሻና ኪስ ስላለው ካፖርት አልኩት። እጓሮ ነፋስ ላይ አስቀምጬው ምሳ ሰዓት ስመለስ አጎንብሼ ጉንጬን አስጠጋሁበት። ቀዝቃዛ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እንደዚያ እንዳጎነበስኩ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ሰዓት ግን ከራሴ ጋር ተዋድጄ አላውቅም።

እሱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳያይ ከካፖርቱ ጠጣ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ጠጣ።

"ማን ሰፋው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"እምም።"

ማን ሰፋው አለ እንጂ ማን አሰበው አላለም። ልዩነቱን ያኔ አላስተዋልኩትም።

በሠራተኞች በዓል ጥሩ ሐሳብ ላመጣ ሰው ሽልማት ይሰጥ ነበር። በዋዜማው ጣሳው ዝጎ ስለነበር ከነክሩ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ ሌላ ላስገባ ነበር። በነጋታው ካፖርቱን ከተሰቀለበት አጣሁት። ሽልማቱ የሚሰጥበት የሠራተኞች ክበብ ሞልቶ ስለነበር የእህቴን ልጅ አዝዬ መስኮቱ ሥር ቆሜ አየሁ። እሱ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሸሚዙን የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ ካፖርቴን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከመድረኩ አንዱ "ይቺ ኪስ ለምንድን ናት?" ብሎ ጠየቀው። እሱ ኪሱን ዳሰሰ፣ ባዶ ነው። "ለኩባያ ማስቀመጫ" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። አፌን ብከፍት ይሰማ ነበር። አልከፈትኩም፤ ይሄን ዕዳ ለማንም አላላክክም።

ከዚያ በኋላ የካቦው ካፖርት ተባለ። ሰው ሁሉ ሰፋ። ሁሉም ኪስ አደረገለት፣ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ኩባያ ከተተ፣ ሁሉም ደግሞ በየሰዓቱ ጆንያውን በእጁ ያረጥባል። አንድም ሰው ኪሱ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔን ደግሞ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሑድ፣ አንዲት ልጅ ባለሀብቶቹ ፊት ቆመች። "ከመቂ ነው የመጣሁት" አለች። ጨርቁን ገለጠችው፤ ጀሪካን ነው፣ ጆንያ ለብሷል፣ ከአፉ ክር ወጥቶ ወደ ጆንያው ይወርዳል።

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "የባሌ ካፖርት! ይሄ የባሌ ነው!"

"ይረጋጉ እትዬ፣ ልጅቷ እርስዎን መቼ አይታዎት ታውቃለች" አለ ሹፌሩ።

እኔ ዓይኔ ልጅቷ ላይ ነበር። ስታስረዳ ትቸኩላለች፤ ክሩን ስትነካ ግን ቀስ ትላለች። የራስ ሥራ እንደዚያ ያደርጋል። ሻርፓ አደነቀቻት። መነጽሩ ግን ዘንበል ብሎ አየና "ውሃው ሲጋመስ ክርሽ ይደርስበታል?" አላት።

ልጅቷ ጀሪካኑን አየች፣ ባለሀብቶቹን አየች፣ መሬቱን አየች።

"ኪስ!" ብዬ ጮህኩ። "ኪስ ስፊለት! ትከሻው ላይ!"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ነጋዴዋ "ማል ጄታን? ምን አሉ?" አለችኝ።

"ኪሱማ ለኩባያ ነው" አለች እህቴ።

"ለኩባያ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

ለክርክር ነው የጠየቀችው። ቢሆንም ተጠየቅኩ። ተነሥቼ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ በጀሪካን ቁመት ያህል ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ጣሳው እዚህ፣ ክሩ በዚህ በኩል፣ ውሃው ወደዚህ እያልኩ በጣቴ አሳየኋቸው። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ቆየና ጭኑን መታ። "እንዴ! ከበርሜል ናፍጣ በጎማ የምንስበው እኮ ነው! ከላይ ወደ ታች! ይሠራል እንጂ!" ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሹፌር ነው፣ ነገር ሲገባው መጨረሻው ድረስ ይነዳዋል። "ግን እትዬ፣ ጋሼ ታዲያ ለምን ኩባያ አሉ?"

እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ጠበቅኩ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ "የእህቴ ነው" ብትል።

"እሱማ ቀልዶ ነው" አለች። "ቀልድ ይወድ ነበር።"

ነጋዴዋ ሳቀች። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቷ "መልካም ዕድል" ተብላ ጀሪካኗን አቅፋ እየወጣች ነበር። እኔ የማውቀውን መልስ ሳታገኝ ወደ መቂ ተመለሰች፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጎረቤቶቻችን ሲሄዱ ብርጭቆውን ላጥብ ተነሣሁ። እህቴ ከኋላዬ፣ ቀስ ብላ፣ "ጣሳውን ስታስገቢበት አይቼሻለሁ" አለችኝ። "ያኔ፣ እጓሮ።"

ውሃውን ዘጋሁት። "አይተሽኛል?"

"አይቼሻለሁ። ኩባያ ሲል እኔም ደንግጬ ነበር።"

"እና ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ባሌ ነው። ልጆቼ በሱ ይኮራሉ። ከሱ የቀረኝ ወሬው ነው።"

"ከኔስ ምን ቀረኝ?"

ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመረች። "ለጎረቤቶቻችን ንገሪያቸው" አልኳት። "ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ። ሌላ ሰው አልልሽም።"

"አልነግርም" አለች። "የሞተ ሰው እጁ ላይ ያለውን አልቀማም።"

እኔ በሕይወት እያለሁ ስቀማ ዝም ብላ እንዳየች ልነግራት ፈለግኩ። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የሚቀጥለውን እሑድ ቤቴ ሆኜ ብቻዬን አየሁት። አንድ ሰው ስለ እናቱ አለቀሰ፣ ስጡት የሚል የለም። ጫማውን የሚያይለት፣ ጥፍሩን የሚያይለት የለም። ግማሹ ላይ አጠፋሁት። የእህቴን ቤት ጫጫታ ናፈቅኩ፣ በናፈቅኩት ደግሞ ተናደድኩ።

በሦስተኛው እሑድ ተመለስኩ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልተነሣም፤ እህቴ "መጣሽ?" አለች፣ "መጣሁ" አልኳት። በማስታወቂያው ሰዓት ስለ ባሏ አላወራችም። ካፖርቱ የኔ እንደነበረም አልተናገረችም። ስለ ቡና ዋጋ ነው ያወራችው።

ከዚያ አንድ ሰው መስኮት ላይ ተለጥፎ አቧራ የሚያስቀር ወንፊት ይዞ ቀረበ። ነጋዴዋ "ይሄ አዳማን አይቶ አያውቅም" አለች። እህቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል "ይሠራል?" ብላ ጠየቀች።

"እንደኔ ከሆነ..." ብሎ ሹፌሩ ጀመረ።

"አንተን አይደለም።"

ጎረቤቶቻችን አዩኝ። ከልጅነቴ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ሲመጣ እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ደግሞም የጠየቅኳት ይሄን አልነበረም። ለመመለስ አልቸኮልኩም።

"ጠርዙ ላይ ላስቲክ ካልተሰፋበት አይሠራም" አልኩ።

"እንዴት?"

ነገርኳት። ነፋሱ ከየት እንደሚገባ፣ አቧራው የት እንደሚከማች፣ ላስቲኩ በምን ዓይነት ስፌት እንደሚያዝ ነገርኳት። እያወራሁ መብራት ጠፋ፤ ነጋዴዋና ሹፌሩ ማጉረምረም ጀመሩ። እህቴ በእጇ ዝም አሰኘቻቸውና ወደ እኔ ዞራ፣ "እሺ፣ ማዕዘኑ ጋስ?" አለችኝ።