ሲነጋ የሚያልቅ ተረት

ልጅ ሳለሁ ወንድ አያቴ የሚነግሩን ተረት ሁሉ የሚያልቀው ሲነጋ ነበር። እስኪነጋ ቁጭ እንል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ተረቱ ውስጥ ሲነጋ ማለቴ ነው። አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ጨለማው ይረዝማል፣ ከዚያ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ሰማዩ መቅላት ይጀምራል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ በቃ። ከዚያስ ምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ «ነጋ አልኩህ እኮ» ይሉና አንድ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንስተው እሳቱ ላይ ይጥላሉ።

«አልኩህ» የሚሉት እኔን፣ ሴቷን ልጅ ነው። አያቴ የገረሴ ሰው ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ጎልምሰው፣ ከደጋ ወርደው አርባ ምንጭ በልጃቸው በአባቴ ቤት መኖር ከጀመሩ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይሉ ነበር። እናቴም «አንተ» ናት፣ እኔም «አንተ» ነኝ፣ ድመቷም «አንተ» ናት። ከእኛ ጋር ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት በጋሞኛ ነው፤ በጋሞኛ ሲናገሩ ደግሞ አፍ ያስከፍታሉ። ተረቱን ግን ሁልጊዜ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ይነግሩን ነበር። ይህም ስለ አማረች ሲሉ ነው።

አማረች የጎረቤታችን የጋሽ ቶማስ ልጅ፣ የእኔ እኩያ ናት። እናቷ ከሰሜን የመጣች፣ ጋሞኛ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ አማረች ገና እግር ሳትተክል ሞተችባት። ቤታቸው የለመደው አማርኛ ብቻ ስለነበር አማረችም ጋሞኛ አትሰማም ነበር። ጋሽ ቶማስ በቀበሌው ሥራና በስብሰባ ተይዞ ቤቱን የሚያየው ሲመሽ ስለነበር ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ የምትገባው እኛ ቤት ነው። እናቴ ኩርኩፋ ስትሠራ፣ የበቆሎውን ሊጥ እያድቦለቦለች ሽፈራው ከሚባለው ከሀለኮ ቅጠል ጋር ስትቀቅል፣ የአማረችን ድርሻ ሳትጨምር ቀርታ አታውቅም።

ያኔ የሰፈራችን የሲቀላ ሙቀት በረድ የሚለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለነበር በቆሎ የምንፈለፍለው አመሻሽ ላይ ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ኩራዝ በርቶ፣ እኛ ሁለታችን በአያቴ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ የደረቀውን በቆሎ በአውራ ጣታችን እየገፋን ሰፌዱ ላይ እናረግፈዋለን። የተራቆተው ቆረቆንዳ ወደ እሳቱ ይገባል። ቆረቆንዳ ሲቀጣጠል ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ፍም ከሆነ በኋላ ግን ዝም ብሎ ይቀላል፤ የአያቴ ፊት በዚያ ብርሃን ጠቁሮና ለስልሶ ይታየኛል፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ፊት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የምንሄድበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። በሩ ላይ ሰንሰለት ተደርጎበት፣ ግቢው ሣር በቅሎበት፣ እኛ ልጆች በአጠገቡ ስናልፍ ወደዚያ እንዳናይ ይነገረን ነበር። አባቴ ግን እሑድ እሑድ ጥቂት ሰዎችን ሳሎናችን ውስጥ ሰብስቦ ያጸልይ ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መዝሙሩ ከአፍ የማይወጣ ያህል ዝግ ብሎ ይዘመራል። ጋሽ ቶማስም ድሮ በደጉ ጊዜ ከአባቴ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚዘምር ሰው ነበር፤ ድምፁ ወፍራም እንደነበረ እናቴ ትናገራለች። በኋላ የቀበሌ ሹም ሆነና መምጣቱን ተወ፤ ሰላምታውን ግን አልተወም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። ቤቱን በረበሩ፤ ያለችንን አንዲቷን ቅዱስ መጽሐፍም ይዘው ሄዱ። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲነበብ የሰሙት ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ነበር፤ ያንን መበርበር ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ጠቋሚው ማን እንደሆነ አወቀ። ጋሽ ቶማስ ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አማረች እንደ ወትሮዋ መጣች። ግን አልገባችም፤ የማድ ቤቱን መቃን ይዛ ቆመች። የሰማችው ነገር እንዳለ ከአቋቋሟ ያስታውቃል። እናቴ የያዘችውን ሥራ አቁማ አየቻት። እኔ ልቤ ተቃጥሎ ነበር፤ አንድ ሰው ሂጂልን እንዲላት እጠብቃለሁ። አያቴ ግን ቀና እንኳ ሳይሉ «ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ይሄ ሁሉ በቆሎ ማን ይፈለፍላል?» አሉ፤ ፈቀቅ ብለውም ቦታዋን ለቀቁላት።

በዚያ ምሽት ነው ስለ አዞዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩን።

እንዲህ ነበር። አንድ የደጋ ሰው በንጉሥ ቤት ያገለግላል። ሰውየው ሐቀኛ ስለሆነ ባልንጀሮቹ ቀኑበት። ጥፋት ፈልገው አጡ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ፊቱን ወደ ተወለደበት ተራራ አዙሮ የመጸለይ ልማድ ነበረውና እሱን የሚከለክል ሕግ አስወጡ። ሰውየው መስኮቱን ከፍቶ እንደ ልማዱ ጸለየ። ከሰሱት፤ ንጉሡም በገዛ ቃሉ ታስሮ፣ ሳይወድ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞዎች የሚሰበሰቡበት አሸዋ ላይ አስጣለው። እዚህ ላይ አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አርባ ምንጭ ያደገ ልጅ አዞ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ አፉን ከፍቶ አሸዋ ላይ ሲጋደም አይተነዋል። ሌሊቱ ረዘመ። ሰማዩ ቀላ። ንጉሡ እየሮጠ መጣና «አለህ ወይ?» ብሎ ተጣራ። ሰውየው «ደህና አደርኩ» አለ።

«አዞዎቹ ጠግበው ነበር?» አልኩኝ።

«አዞ ይጠግባል?» አሉ አያቴ።

«ታዲያ ማን ነው አፋቸውን የዘጋው?» አለች አማረች። ከገባች ጀምሮ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አያቴ በሩን ገልመጥ አደረጉ። የእግዚአብሔርን ስም በግልጽ መጥራት የማይቻልበት ዘመን ነው። «አዞም ባለቤት አለው» አሉ። «ባለቤቱ ዝም በል አለው።»

አማረች ግንባሯን ቋጥራ አሰበችና «የመንግሥት ነው አዞው?» ብላ ጠየቀች።

አልተሳሳተችም እኮ፤ ያኔ መሬቱም፣ ትርፍ ቤቱም፣ ፋብሪካውም የመንግሥት ነበር። አያቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴም አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሳቃቸው ሲበርድ አያቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ «አይደለም፣ ልጄ። መንግሥትም ባለቤት አለው» አሉ።

የእናቴ ፈገግታ ደረቀ። ይህች ቃል ከዚያ ማድ ቤት ወጥታ ብትሰማ አያቴን አባቴ ወዳለበት እንደምታስገባቸው ለእኔ ለልጅቷ እንኳ ግልጽ ነበር። ቃሏን የሰማችው ደግሞ የጠቋሚው ልጅ ናት። እኔ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ ይብስ ነበርና «ከሳሾቹስ? ከሳሾቹ ምን ሆኑ?» ብዬ ጠየቅሁ። አዞዎቹ አፋቸውን እንደገና እንዲከፍቱልኝ ፈልጌ ነበር።

«ነጋ አልኩህ» አሉና ቆረቆንዳ ጣሉ።

አማረች ከሄደች በኋላ እናቴ በሩን መለስ አድርጋ «ምን ነካዎት አባባ? ይቺ ልጅ እኮ የሰማችውን ሄዳ ለአባቷ ትናገራለች» አለች።

«ይናገር» አሉ አያቴ፣ ከተረቱ አማርኛ ሳይወጡ። «እኔ ክፉ ነገር ነገርኩት?»

«ባሌን ያሳሰረው እኮ አባቷ ነው።»

አያቴ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት። «አውቃለሁ። ያንተ ባል የኔ ልጅ ነው» አሉ። «ይሄ ልጅ እናት የለውም። እኔ ዛሬ ከእሳት ዳር ካባረርኩት፣ ማታ ‹ልጄን ጠብቅልኝ› ብዬ በምን አፌ እጸልያለሁ?»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። አያቴም አላባበሏትም፤ አጠገቧ ተቀምጠው የቀረውን በቆሎ መፈልፈል ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ስንቅ በማመላለስ አለፉ። እናቴ ምግቡን ቋጥራ ትሄዳለች፤ ጠባቂው ፈትሾ ይቀበላታል፤ ባዶውን ሳህን ይዛ ትመለሳለች። አባቴ በሕይወት ለመኖሩ ያለን ማስረጃ የሳህኑ ባዶ ሆኖ መመለስ ብቻ ስለነበር፣ ገና ከበር ስትገባ ዓይናችን ሳህኑ ላይ ነበር። አማረች በየምሽቱ ትመጣለች፤ በየምሽቱም ያንኑ ተረት ታስደግማለች። ለምን እሱን ብቻ እንደምትወድ አይገባኝም ነበር። እኔ ታክቶኛል፤ አያቴ ግን አንድም ቀን ሳያሳጥሩ፣ ያንኑ የደጋ ሰው ወደዚያው አሸዋ ይመልሱታል።

አንድ ምሽት ጋሽ ቶማስ ራሱ መጣ። ሁልጊዜ በአጥር ላይ ስሟን ጠርቶ ነበር የሚወስዳት፤ ያን ቀን ግን ድምፅ ሳያሰማ ግቢ ገብቶ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። የቀበሌውን ካኪ ለብሷል። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ መቀመጥም መሄድም አቃታት። የመጣው አያቴን ሊወስድ ነው ብዬ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ። እሳቸው ተረቱ መሃል ላይ ነበሩ። አዩት፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉትና ቀጠሉ። ሌሊቱ ረዘመ፣ ሰማዩ ቀላ፣ ንጉሡ ተጣራ፣ ሰውየው ደህና አደርኩ አለ።

አያቴ አንድ ቆረቆንዳ እሳቱ ላይ ጣሉ።

«ከሳሾቹስ፣ አባባ?» አለ ጋሽ ቶማስ። «ከሳሾቹ ምን ሆኑ?»

የእኔው ጥያቄ ነበር። አሁን ይነግሩታል ብዬ ጓጓሁ። አያቴ ወደ አማረች ዞር አሉ። በቆሎ እቅፏ ውስጥ ሞልቶ፣ አውራ ጣቷን እየጠባች አባቷን ታየዋለች።

«የኔ ተረት ሲነጋ ያልቃል፣ ቶማስ» አሉ።

«መጽሐፉ ላይ ግን…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እኔ ማንበብ አላውቅም። ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚያልቅ እንጃ። እዚህ ቤት ግን እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።» ከዚያ ከእንጨት መቀመጫቸው ላይ ፈቀቅ አሉ። «ተቀመጥ። በቆሎ አለ።»

ጋሽ ቶማስ ተቀመጠ። አንድ በቆሎ አንስቶ አንዲት ፍሬ ሳትቀር ፈለፈለ። እኛም ሁላችን እጁን አየን። ሲጨርስ ቆረቆንዳውን እሳቱ ላይ አኖረ፤ ተነስቶ የልጁን እጅ ያዘና ደህና እደሩ ብሎን ሄደ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አማረች ከእኔ ቀድማ ደርሳ ሰፌዱ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት።

አባቴ በዚያ ሳምንት አልተፈታም። በሚቀጥለውም አልተፈታም። የመጣው በአዲሱ ዝናብ የተዘራው በቆሎ ጉልበት ሲደርስ፣ ጢሙ አድጎ፣ ልብሱ ሰፍቶት ነው። ማን እንዳስፈታው የነገረን የለም፤ ጋሽ ቶማስም ሰላምታውን እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። አያቴንም የሚወስድ አልመጣም። ልጄ ይመለሳል ብለው ያውቁ እንደሆነ ካደግሁ በኋላ ጠይቄአቸው ነበር፤ «አላውቅም ነበር፤ ባለቤቱን ግን አውቃለሁ» አሉኝ። እምነት ማለት ምን እንደሆነ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ መልስ የሚበልጥ አልሰማሁም።

አያቴ አረፉ። ዘመኑም ተለወጠና ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፤ እኔም የራሴን ቅዱስ መጽሐፍ ገዛሁ። አንድ ቀን ሳነብ ያንን ሰው አገኘሁት፤ አዞ ሳይሆን አንበሳ፣ አሸዋ ሳይሆን ጉድጓድ ሆኖ። ሲነጋ ደረስኩ፤ ታሪኩ ግን አላበቃም። ከሳሾቹ በእሱ ፈንታ ወደ ጉድጓዱ ተጣሉ፤ እነሱ ብቻም ሳይሆኑ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው አብረው። ልጆቻቸው የሚለው ላይ ቆምኩ። ያቺን መስመር አያቴ በቃላቸው ያውቋት ነበር፤ እሳቸው አንዲት ቃል የሚረሱ ሰው አልነበሩም። ያን ሁሉ ምሽት፣ ልጃቸው ታስሮ፣ አፋቸው ላይ የደረሰውን ሲውጡ ኖረዋል። ብቻዬን አለቀስኩ።

አማረች አሁን እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ትኖራለች፤ የልጆች እናት ናት። ስንገናኝ አያቴ ምን እንደደበቁላት ልነግራት ፈለግሁና ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብባው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አባዬ ነግሮኛል» አለች። «የዚያን ቀን ማታ፣ ከእናንተ ቤት ስንመለስ። ልጆቻቸውንም እንደጣሏቸው ነገረኝ። ‹አባባ ያልተናገሩት አንቺ ስላለሽ ነው› አለኝ። ቤታችን እኮ አጥሩን ዞር እንዳልሽ ነው፤ እስክንገባ ድረስ ግን ያለቅስ ነበር።»

 ከዚያ ተነስታ ልጆቿን ጠራችና «ኑ፣ ይቺ አክስታችሁ የአዞዎቹን ተረት ትንገራችሁ» አለች። ነገርኳቸው። ሰማዩ ቀላ፣ ንጉሡ ተጣራ፣ ሰውየው ደህና አደርኩ አለ። ትንሹ ልጅ «ከዚያስ?» ሲል አማረች ከእኔ ቀድማ መለሰችለት።

«ነጋ።»