የደረጀ ፍሬን

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። ለጌታማ ነግሬዋለሁ እንዳልል፣ እሱ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ ይህችን ዘልዬ ነው የምነሳው። አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለማምናችሁ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው።

እኔ ደረጀን ጠላሁት። በጸሎትም ገደልኩት። ሰውየው በሕይወት አለ፤ የገደልኩት እንጀራውን ነው። በስደት አገር ሁለቱ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ደረጀና ባሌ ሳሙኤል እዚህ ዶሃ አንድ ኩባንያ ውስጥ ዕቃ አድራሽ ሾፌሮች ነበሩ። ሥራ ቀዘቀዘ ተባለና አለቃቸው «ሹግል የለም፣ ኸላስ»፣ ሥራ የለም አበቃ፣ ብሎ አንድ ላይ አሰናበታቸው። ሳሙኤል የኩባንያውን ቫን ተማምኖ የኛን መኪና ቀደም ብሎ ሸጧት ነበር። ደረጀ ግን ያቺን ነጭ አሮጌ መኪናውን አልሸጠም። ኤሲዋ አይሠራም፤ የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። በበጋ ስንሳፈርባት «ምድጃዋ መጣች» እያልን እንስቅባት ነበር። ሥራው ሲጠፋ ያቺ የሳቅንባት መኪና አበላችው። ናጅማ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ብርቄ፣ ከማዳም ቤት መውጣት ለማይችሉ እህቶች ሽሮና በርበሬ፣ የፀጉር ቅባትም ሳይቀር እንዲያደርስላቸው ደረጀን ያዙት። ዓርብ ዓርብ ደግሞ እኛን እህቶችን ወደ ኅብረታችን ያመላልሰናል።

የኔ ባል ግን ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ኪራይ ጨመረብን። ክፍላችን በጣውላ የተከለለች፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችን ሳንነሳ «ይማርህ» የምንልባት ናት። እሷንም ልንለቅ ነበር። እኔ አል ቱማማ አንድ ቤት ቀን ቀን እየሠራሁ የማመጣው ለሁለት አልበቃ አለ።

አንድ ዓርብ መኪናዋ እህቶችን ጢም አድርጋ ስትሄድ፣ ደረጀ በመስተዋቱ አየኝና «እህት ማርታ፣ ሳሚ እንዴት ነው? መኪናውን ሸጦ ቴሌቪዥን ገዛ አሉ። በሉ እንግዲህ በቴሌቪዥኑ ተሳፈሩ!» አለ። እህቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መኪናው ውስጥ እየተቀመጥኩ፣ የሚያድለንን ውኃ እየተቀበልኩ እየጠጣሁ፣ ሰውየውን እጠላው ነበር። ቀልድ አልነበረም ወይ? ነበር። ለቀልድ ሰው ይጠላል? እኔ ጠላሁ።

በኅብረታችን የጸሎት ርዕስ የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ሰው የጨነቀውን ለኔ ይነግረኛል፤ እኔ ዓርብ ጉባኤው ፊት ቆሜ አቀርባለሁ። ለብቻሽ ጸልይልኝ ያለኝን ለብቻዬ እጸልያለሁ። ደንባችን ይህ ነው። ሰው ቢያኮርፈኝም ሸክሙን ለኔ ከመንገር አይቀርም፣ ምክንያቱም የሚነግረው ለማርታ አይደለማ፣ ለጌታ ነው! ደረጀም አንድ ቀን ዕቃ ሊያደርስ አል ቱማማ ሲመጣ እኔ የምሠራበት ቤት በር ላይ አቁሞኝ «ፍሬኑ እየደከመብኝ ነው። ማሠሪያ እስካገኝ ለብቻሽ ጸልይልኝ። እትዬ ብርቄ ከሰሙ አለቀልኝ» አለኝ።

ጸለይኩለት። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ከልቤ ጸለይኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው በር ላይ ፊቱ በርቶ መጣ። «ተሠራ! ሰናያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር ያለ ያገሬ ልጅ በእረፍቱ የፍሬን ሸራውን ቀየረልኝ፣ እንደ አዲስ ሆኗል። ዓርብ ምስጋና አቅርቢልኝ እሺ? አሁንማ በጉባኤ ተናገሪው።»

«እሺ፣ ተመስገን» አልኩት። አልኩት! በዚህ አፌ።

ዓርብ ሲወስደን በአል ሂላል የትራፊክ መብራቶች ሁሉ ላይ ያቺ መኪና ልስልስ ብላ ቆመች። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ አየሁ። ፍሬኑ ደህና መሆኑን ከሾፌሩ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አወረደንና ማቆሚያ ፍለጋ ሄደ። እኔ ገባሁ፤ ጸሎት ጀመርኩ። ስለ ሕሙማን ጸለይኩ፤ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ስላልታደሰላቸው ጸለይኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ማልቀስም ጀመርኩ፤ እንባው ከየት መጣ? «ጌታ ሆይ፣ ፍሬን በሌላት መኪና እህቶቻችንን የሚያመላልሰውን ወንድማችንን ደረጀን ማረው። ደም በእጁ ሳይፈስ መልሰው። ሥራ የሚሰጡትንም ሰዎች ዓይናቸውን ክፈት።»

ቤቱ «አሜን!» አለ። በጸሎት መካከል ዓይኑን ገልጦ «ቆይ፣ ማስረጃሽ ምንድነው?» የሚል ሰው የለም፤ ይህን ስለማውቅ ነው በጸሎት ያደረግሁት። በዚያ መካከል ከበሩ በኩል ከሁሉ የጎላ አንድ «አሜን!» ሰማሁ። ደረጀ ነበር። ያኔ መግባቱ ነው፤ በምን ላይ አሜን እንዳለ አያውቅም። ስለ ምስጋናው መስሎት ይሆናል።

ጸሎቱ ሲያበቃ እትዬ ብርቄ ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ማርታዬ፣ ጌታ ገለጠልሽ?»

ራሴን ዝቅ አደረግሁ። በኛ ዘንድ ራስን ዝቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አዎ» ማለት ነው፣ ያውም በትሕትና።

ደረጀ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ሲነግሩት «ምን መገለጥ ነው የምትሉት! እኔ ነኝ የነገርኳት! መሠራቱንም ነግሬያታለሁ!» ብሎ ጮኸ። ደረሰኝ የለው። ያገሩ ልጅ በወዳጅነት የሠራለት ነው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እትዬ ብርቄ «ነግሮሻል?» አሉ።

«ስለ ፍሬን ነግሮኝ አያውቅም» አልኩ።

ይህች ናት። ሌላው ሁሉ ወደዚህች መምጫ ነው። እኔ ዋሸሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፌ ዋሸሁ። ደረጀ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ንዷት፣ ሞክሯት ቢል ማን ይሰማዋል? በመንፈስ ከታየ ነገር ጋር የሚከራከር ትዕቢተኛ ሆነ። «ሰው በስሜ ተልኮ ሰው ቢገድልስ?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ሥራውን ነጠቁት። ለማን የሰጡት ይመስላችኋል? ለሳሙኤል። «የማርታ ባል የታመነ ነው» ብለው። መኪና እስኪገዛም በኪራይ መኪና ጀመረ።

«ችግር ነው ያስደረጋት፣ ምስኪን» የምትሉ አላችሁ። ተዉ! ችግሩ የደረጀም ነበር። የሱንም ኪራይ አልማሩለትም፤ የሱም ልጆች አገር ቤት ይጠብቁ ነበር። ደግሞ ባሌ ሥራውን ባያገኝም አደርገው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ሲያዋርዱት ሳይ ደስ ብሎኛል። ቴሌቪዥኗ ትዝ ብላኝ ደስ ብሎኛል።

ሌላ ሥራ አላገኘም። አገር ሊገባ ሲቆርጥ መኪናዋን ለሽያጭ አወጣ፤ ፍሬን የላትም የተባለችን መኪና ከሐበሻው ማን ይገዛል? ሳሙኤል «ፍሬኗን አሠራታለሁ» ብሎ በርካሽ ገዛት፤ እትዬ ብርቄም በዚህ ፈቀዱ። ቁልፉን ሊያስረክብ ቤታችን በር ላይ መጣ። ባሌ ውስጥ ነበር፤ እኔ ወጣሁ። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና «የኋላ በሯ ከውስጥ ነው የሚከፈተው። ፍሬኗን አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ዞሮም ሄደ።

አሁን ዓርብ ዓርብ በዚያችው መኪና ከፊት ተቀምጬ እሄዳለሁ። ባለፈው አል ሂላል ላይ አንድ መኪና ከመታጠፊያ ድንገት ተወርውሮ ገባብን። ሳሙኤል ረገጠ። ባለችበት ቀጥ አለች። ከኋላ እህቶች ጮኹ፣ አለቀሱ፣ ዘመሩ። ሳሙኤል «እኔ እኮ ይህን ፍሬን ነክቼው አላውቅም!» አለ። ኅብረት ስንደርስ እትዬ ብርቄ ቆመው መሰከሩ፦ ያኔ ማርታ ስለዚህች መኪና አልቅሳ ነበር፣ ጌታ ፍሬኗን በጸሎቷ ሠራው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

ደረጀ የለመነኝ ምስጋና በመጨረሻ ቀረበ። በኔ ስም።

ተነሥቼ ልናገር እችል ነበር፤ እትዬ ብርቄ እጄን ይዘው ወደ ፊት እየሳቡኝ ነበርኮ! ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። «ክብር ለጌታ ይሁን» ብዬ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የበደልኩት ሰው ደግሞ ስልኬን አያነሳም፣ ባያነሳም እውነቱ ነው። ጸልዩልኝም አልልም። ጸሎት ምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አሜን እንዳትሉ።